ቀይ ቁጥሮችህን አላስነካም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቅህ። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። አንተ መጽሐፍ ታከራይባት የነበረችውን ሱቅ አልዘጋኋትም። ፊት ለፊቷ የባጃጅ መቆሚያ ስለሆነ አቧራው ለጉድ ነው፤ በቀን ሦስቴ እጠርጋለሁ። የጎብዬና የሮቢት ደንበኞችህ ዛሬም በገበያ ቀን ይመጣሉ፤ አንተን ሳያነሱ አይሄዱም።

ያናደደኝ ጀማል ነው። ልጅህ ደሴ ተምሮ መጣና መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው አምስቱ የምናብ መጻሕፍት ላይ ነው፤ ነፋስን እንደ ከብት የሚጠብቀው ሽማግሌ ያለባቸው። ሽፋናቸው ላይ ስም እንጂ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት የሚል የለም። አንተ ከወልድያ በሚኒባስ እንደደረሱልህ አንድ፣ ሁለት እያልክ በጎናቸው በቀይ ማርከር ጻፍክባቸው፤ የቆቦ ሰውም በዚያው ተራ አነበበ። ለካ አንድ ያልከው የመጨረሻው ኖሯል! ጀማል ትክክለኛውን ተራ ከስልኩ አውጥቶ፣ ቁጥሮችህ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈባቸው። ይባስ ብሎ ደንበኛ ፊት፣ አባቴ ሳያውቅ አገሩን ሁሉ ከጭራው አስጀምሮት ኖሯል ብሎ ሳቀ።

ሳያውቅ? እሱ ምን ያውቅና! ያኔ ፊደል እንኳ አልለየም።

እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ያልከውን አንብቤ ሽማግሌው ሲሞት እህል አልቀምስም ብዬ አስቸገርኩህ። ሁለተኛው መጣ፤ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲጠግን አገኘሁት። አልሞተም እያልኩ ከቤት እስከ ሱቅ ሮጥኩ፤ መንገደኛው እውነት ሰው የዳነ መስሎት ቆሞ አየኝ። አንተ መጽሐፉን ተቀብለህ አገላበጥከው። ስህተትህ ገባህና ልታርም ማርከሩን አነሳህ፤ እኔ እጅህን ይዤ እምቢ አልኩ። ትንሽ አየኸኝና ክዳኑን መልሰህ ከደንከው። ከዚያ ወዲህ ለሚከራይ ሁሉ፣ መጀመሪያ ቅበሩት፣ ከዚያ አብራችሁት ትኖራላችሁ ትል ነበር።

ጀማል ደራሲው ያሰበበት ተራ አለ ይላል። ይኑራ! በእሱ ተራ ብሄድ፣ አራት መጽሐፍ ሙሉ ወድጄው መጨረሻ ላይ ቀብሬው ባዶ እጄን እቀራለሁ። እሱንማ ባንተ አየሁት፣ ይበቃኛል። በእኛ ተራ ሞቱ ያልፍና ሰውየው ይቀራል። ወላሂ፣ ከዚህ የተሻለ ተራ አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ትናንት ጀማል ወጣ ሲል ወረቀቶቹን ላጥኳቸው። ሙጫው ከሦስቱ ላይ ቀለምህን ይዞት ሄደ። አልዋሽህም፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ ቀይ ማርከር ገዝቼ፣ ያቺን ሁለትህን እንዳንተው አንገቷን ቆልመም አድርጌ ጻፍኩባቸው። ጀማል አኩርፏል፤ ያኩርፍ።

አባዬ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ቁጥሮችህን ማንም አይነካቸውም። አንተንም የማስታውስህ በዚሁ ተራ ነው። መሞትህን አንብቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን ሁለተኛውን ልጀምር ነው።

ልጅህ ሰዓዳ
ቆቦ