ሦስቱ ማርሚታዎችና ዘጠነኛው ምልክት

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው
የቅዳሜ መኪና ሽቅድድም ኮሚቴ ሰብሳቢና የባለ ቱርቦዋ ቀይ መኪና ባለቤት
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ማርሚታ እንዲመርጡልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ለመኪናዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጆሮዎን አምላክ ይጠብቅልዎ፤ የእኛስ ጆሮ ነገር አብቅቶለታል። እኔ ከጋራዥዎ አጥር ወዲህ ባለችው ጎጆ ድጓ የማስተምር መሪጌታ ወልደ ሰንበት ነኝ። እንዲህ በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ መኪና ሊሞክሩ ወጥተዋል ስለተባልኩ ነው። መውጣትዎን ለነገሩ እኔም ከቤቴ ሆኜ ሰምቼ ነበር።

እንደሚያውቁት በግንቦት ወር የመኪናዎ ማርሚታ፣ ያ የጭሱን ጩኸት የሚያፍነው ብረት፣ ዝጎ ከወደቀ ወዲህ፣ መካኒክዎ አለበል ለምትክ የመጡትን በየተራ እያሰረና እየፈታ፣ የጭስ ማውጫውን ወደ ተማሪ ቤታችን አዙሮ ሞተሩን ሲያስጮኽ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ከከተማው ሕዝብ ሁሉ መርጠው እኛን ቀዳሚ አድማጭ ስላደረጉን ምስጋናችን የላቀ ነው። ድጓ ከመምህር አፍ በተማሪ ጆሮ የሚገባ ትምህርት በመሆኑ፣ እኛ ደግሞ የገባውን ሁሉ መያዝ ልማዳችን በመሆኑ፣ ስለ ማርሚታዎችዎ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ አለበል ከውኃ ቧንቧ በይዶ የሠራው ማርሚታ ደረቅና ኃይለኛ ስለሆነ ተማሪዎቼ ከሦስቱ የዜማ ስልቶቻችን በመጀመሪያው «ግዕዝ» ብለውታል። እሱን እንበልጣለን ብለው ሲጮኹ የሦስቱ ድምፅ ተዘግቶ፣ አንደኛው እስከ ዛሬ በምልክት ነው ውኃ የሚጠይቀው።

፪ኛ/ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታው ረጋ ያለ፣ ለስለስ ያለ በመሆኑ «ዕዝል» ተብሏል። እሱ ታስሮ የሰነበተባቸውን ሁለት ሳምንታት በእድሜዬ አልረሳቸውም፤ የወር ትምህርት ጨርሰንባቸዋል። እርስዎ ግን መኪናዋ ሜዳው ላይ ሦስተኛ ስለወጣች ለሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦ ታፈነ፣ መተንፈስ አቃተው ብለው አስፈቱት። ለአንድ ብረት ትንፋሽ እንዲህ መጨነቅዎ ልቤን ነክቶታል፤ ከአጥሩ ወዲህም የሚተነፍሱ አሥራ አራት ነፍሳት እንዳሉ የነገረዎት ሰው አልነበረም መሰለኝ።

፫ኛ/ በሐምሌ ከዱባይ የመጣልዎ፣ ሆዱ ባዶ የሆነው ሰፊው ማርሚታ ቀጭን ልቅሶ አለበትና «አራራይ» ነው። እግር ከነዳጁ ላይ በተነሣ ቁጥር ሁለት ጊዜ «ጧ፣ ጧ» ብሎ ይተኩሳል። ለእርስዎ የጥንካሬ ምልክት እንደሆነ አለበል በኩራት አስረድቶኛል።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ እናገረዋለሁ።

አንሙት የሚባል ተማሪ አለኝ። ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ መጥቶ ሰባት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጧል። እኔ ሸምግያለሁ፤ ይህን ወንበር የሚረከበኝ እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ድጓውን ተፈትኖ ለመምህርነት ሊያስመሰክር ወደ ምስክር ቤት ሄደ። የዜማችን ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ይዘቱን ያዘ፣ ርክርኩን አንከባለለ፣ ድፋቱን ደፋ፣ ቁርጡ ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ «ጧ፣ ጧ» አድርጎ ዘጋው። አንድ ጊዜ ቢሆን ሳል ነው ይባልለት ነበር። በየስንኙ መጨረሻ ደገመው። መርማሪው ይህ ዘጠነኛ ምልክት ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁት፣ ከየኔታ አፍ እንደ ሰማሁት ነው ብሎ መለሰ። እስከ ጥር አጥርቶ ካልመጣ ላይመሰክሩለት ቆርጠው መለሱት። እኔም የመኪናን ጥፋት በእኔ ላይ አላከከ ብዬ ተቀየምኩት፤ ይኸው ሦስት ቀን አላነጋገርኩትም።

ክቡር ሆይ፣ ሦስቱ ማርሚታዎች አሁን አጥሩ ሥር ተጋድመው ውሳኔዎን እየጠበቁ ነው። ቀልዱ ይቅርና እለምንዎታለሁ፤ ሁለተኛውን ይምረጡ። ሜዳ ላይ ሦስተኛ መውጣት ሰው አይገድልም። ጥር ሊገባ ሦስት ወር አይሞላም፤ የልጁን ጉሮሮ የማጠራበት ጸጥታ ከሌለኝ የሰባት ዓመት ልፋቱ ሜዳ ይቀራል፣ ወንበሩም ከእኔ ጋር ይቀበራል። ሌላ የምሄድበት የለኝም። ጨንቆኛል።

ለመኪናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ አጭር ውሳኔ እየተመኘሁ፣ በቅዳሜ ሰንበት ሳይቀር ድምፅዎ የማይለየኝ፣ የጋራዥዎ ታማኝ አድማጭ

መሪጌታ ወልደ ሰንበት

ግልባጭ፦
ጆሮው ለተረፈለት ሁሉ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለባለቤቴ ለጥሩብርሃን አነበብኩላት። እሷም ከነሐሴ ወዲህ እኔ ራሴ በየስንኙ መጨረሻ ሁለት ጊዜ «ጧ፣ ጧ» እንደምል፣ ጉሮሮዬን ያመመኝ መስሏት ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ልጁ አልዋሸም ነበር። ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ይፍቱኝ የኔታ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አሁን ሁለታችንም «ጧ፣ ጧ» እንዳያመልጠን ፈርተን አፋችንን ዘግተን ተቀምጠናል። ከአጥሩ ማዶ አለበል የዱባዩን አስሮ ሞተሩን አስነሥቷል። ደብዳቤዬ ሳይደርስዎ መልስዎ ደርሶናል።