ጢማሞቹ ወደ ጎን ሲያዩ

ነሐሴ 27፣ ጧት
እርሳሱ አለቀ፣ በከሰል ቀጥያለሁ። ለአብዮት በዓሉ ድራማ የመጋረጃ ንድፍ፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ ሲፈቀድ በአቡጀዲ። ገበሬዎቹን ፊት ለፊት፣ ባለ ሁለት ዓይን። ባላባቱን ወደ ጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። አባቴ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያስተምሩኝ ክፉን እንዲህ ነው ያሳዩኝ፤ ሰይጣንም ይሁዳም በአንድ ዓይን። ፎገራ ላይ ፊደል ያልቆጠረውም ይህን ያውቃል።

ከሰዓት። ካድሬው የሦስት ጢማም ፈረንጆች ፖስተር ሰጠኝ። ከገበሬዎቹ በላይ እንዳለ ገልብጥ አለ። ሦስቱም ወደ ጎን ነው የሚያዩት። ወይ ጉዴ!

ነሐሴ 29
አባቴ ንድፉን አዩና፣ “እነዚህስ ምን በድለው ነው?” አሉ። ከልባቸው! አፋቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።
ካድሬው ዘንድ ሄጄ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ባዞረውስ አልኩት። ምክንያቱን ግን መናገር ፈራሁ። ከበላይ የመጣ ሥዕል ልታርም ነው? ብሎ አፈጠጠብኝ። ገለበጥኩ። ምን ላድርግ፣ ማስታወሻዬ?

ጳጉሜን 1
ልምምድ። ንድፉ ግድግዳ ላይ ነው። የገ/ማኅበሩ ሰው ሞልቷል። ጎረቤታችን አያ ታከለ፣ ጭሰኛ ሆነው የሚጫወቱት፣ ቀና ብለው፣ “ባላባቱ ለካ ዘመድ አለው!” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ካድሬው አልገባውም፤ አንዱ ሹክ አለው። አያ ታከለን ወሰዷቸው።

ጳጉሜን 2
ሚስታቸው እትዬ የሺ በጎርፉ ውስጥ አቋርጠው መጡ፣ እስከ ወገባቸው ርሰው። ከብቶቹን ማን ከውኃ ያወጣልኛል ብለው አለቀሱ። እኔን አልወቀሱም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።
ካድሬው ጠራኝ። ባላባቱን ሁለት ዓይን ስጠው፣ ከዚያ ማንም አያመሳስልም ይላል። ያኔማ ጻድቅ ሆነ! ደግሞ ነገ ስብሰባ ላይ፣ ታከለ ሆን ብሎ ሕዝብ አሳስቷል ብዬ ልመስክር። እምቢ ካልኩ የንድፉ ነገር ወደ እኔ ይዞራል። እሺ አልኩ። ፈሪ!

ጳጉሜን 3፣ ጧት
ሩፋኤል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆች ደጅ እየተጠመቁ ይጮኻሉ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።
የተጠየቅሁትን ለአባቴ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ከላያቸው አወለቁና ሰጡኝ። እስር ቤቱ ወለሉ ይበርዳል አሉ። ምን እንደምል ገና አልነገርኳቸውም ነበር።
ባላባቱን አልነካውም። አያ ታከለ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ የሣልኩት እኔ፣ ትርጉሙን እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። የስብሰባው ደወል ተመታ። እንግዲህ