ከጎንሽ የነበረችው ወንበር

ይድረስ ለክፍል ጓደኛዬ፣ ሪያድ ከተማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱስ? እዚህ መካነ ሰላም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የምይዘው ጣቴን አሽቼ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፀጉሬ ከፊት እየሸሸ መሆኑን እህትሽ ኑርጃን ሳትነግርሽ አልቀረችም፤ እሷ ምን ትደብቃለች!

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ቀባጥሬ እንደምዘጋው ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን ጠይባ እረፍቷን ጨርሳ ረቡዕ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ከጁምዓ በፊት እንድታደርስልኝ አደራ ብያታለሁ፤ ለምን እንደቸኮልኩ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ደሴ ኮሌጅ ሳለን የሰጠሽኝን ግጥም ታስታውሻለሽ? ከደብተርሽ በቀደድሽው ወረቀት አራት ስንኝ ጽፈሽ፣ እስቲ እየው ብለሽ እጄ ላይ አስቀምጠሽ ሄድሽ። እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦

መኪናው ሲነሳ ቅዳሜ በጠዋት፣
ከጎኔ ያለችው ያች ወንበር ያንተ ናት።
ከመጣህ ልንገርህ፣ ካልመጣህም ልወቅ፣
ዝም አትበለኝ እንጂ መንገድ ስጠባበቅ።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ያኔ ሰምና ወርቅ የማይለይ ሰው የተማረ አይመስለኝም ነበር። ሐሙስንና ዓርብን ወርቅ ስቆፍር ዋልኩ። መኪናው ዘመን ነው፣ ወንበሯ ሥልጣን ናት፣ መንገዱ የሕዝብ ተስፋ ነው ብዬ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ወደ አገርሽ አጅባር ስትሄጂ እኔ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነበር። ሰኞ ከአሥር ስምንት ሰጥቼ መለስኩልሽ። ቤት አመታቱ ጥሩ ነው፣ ምስጢሩ ግን ቢጠልቅ ይመረጣል ብዬም ጽፌበት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንብበሽ፣ ጎበዝ ተንታኝ ነህ ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ሞኙ ያን ሳቅ ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት። ክረምቱ ሳያልቅ ሪያድ ገባሽ።

ባለፈው ወር አሥረኛ ክፍል የግጥም ትንተና ደረሰ። መጽሐፉ ለአራት ተማሪ አንድ ስለሆነ ግጥም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ቀን ያንቺን ጻፍኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የማን ነው ሲሉኝ የአንዲት የአጅባር ልጅ ነው አልኳቸው። አሁን የማስተምረው እኛ እንደተማርነው አይደለም። ቤት ከመቁጠራቸው በፊት ማን ይናገራል፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ ብለው እንዲጠይቁ ነው የማደርጋቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ለልጆች ሳስተምር በአንቺ ግጥም ላይ ሞክሬው አላውቅም ነበር።

አሳምነው የሚባል ፊት የሚቀመጥ ልጅ ተነስቶ፣ ወንበር የሥልጣን ተምሳሌት ነው አለ። ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ከኋላ ፈርሂያ የምትባል ተማሪ አላስጨረሰችውም። ኧረ ወንበርማ ወንበር ነው አለች፤ ልጅቱ አብረን እንሂድ፣ የሆዴን ልንገርህ ነው ያለችው፣ ምኑ ነው የሚፈታው? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥላም፣ መምህር፣ ሰውዬው ሄደላት ወይ አለችኝ። አልሄደም አልኳት። ምነው፣ ማንበብ አይችልም ኖሯል አለች።

ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ቆጨኝ። መጠርጠሩንስ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ከሄደች በኋላ ማወቁ ምን ይጠቅማል እያልኩ ስሸሸው ኖርኩ። ትወደኝ ነበር ወይ እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ስብሰለሰል፣ ለካ መልሱን በእጄ ሰጥተሽኝ ነው የሄድሽው።

ኑርጃን ኮንትራትሽ በሚቀጥለው ወር እንደሚያልቅ፣ አሠሪዎችሽም ለሁለት ዓመት ፈርሚ እያሉሽ እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ እንደ ድሮዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ጁምዓ የሰፈራችን ሐጂ ሀቢቡላህ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው አንቺን ሊጠይቁልኝ አጅባር አባትሽ ቤት ሄደው ነበር። አባትሽ ቆመው ተቀበሏቸው፤ የመጡበትንም ሰሙ። ከዚያ፣ ይህ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ምን ሲሠራ ቆየ ብለው ጠየቁ። ሐጂም፣ ሲማር ነበር ብለው መለሱላቸው። እናትሽ ጓዳ ሆነው ሳቁ አሉ። ምሳ ሳይበሉም አልተለቀቁም።

አባትሽ ግን እሺም እንቢም አላሉም። ልጄ በየጁምዓው ትደውላለች፣ እሷን ሳልጠይቅ ቃል የለኝም ብለዋል። የዚያን ቀን ደውለሽ ጨርሰሽ ስለነበር የሚጠይቁሽ በፊታችን ጁምዓ ነው። ድንገት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው ደብዳቤው እንዲቀድማቸው የቸኮልኩት። እንቢ ብትዪ አልቀየምሽም፤ ይገባኛልም።

አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፣ ድካምሽን በበረካ ይካስሽ፣ ለእናት ለአባትሽ ዓይን ያብቃሽ። እናትሽ በጁምዓው ቀን አባትሽ ከቤት ንቅንቅ እንዳይሉ ከወዲሁ አስጠንቅቀዋቸዋል።

አባትሽ በስልክ ስሙን የሚጠሩልሽ
የክፍል ጓደኛሽ