ድምፅ አልባው ሸክላ

እንዳልካቸው፣

ለሥራ ወደ መካነ ብርሃን ሄጃለሁ፤ ለፋሲካ እመለሳለሁ።
ውሃ ሲመጣ በርሜሉን ሙላ። የጓሮው በር ካልገፉት አይዘጋም።

የልጅነት ክፍላችንን ልታከራየው መሆንህን ከደላላው ሰማሁ። ያስቀባኸው ቀለም ሸጋ ነው። ምንም አልልም።

የአባዬን የዘፈን ሸክላዎች ከመስኮቱ ሥር አንስቼ አልጋዬ ሥር አድርጌያቸዋለሁ፤ ፀሐይ ያጣምማቸዋል። ምነው እዚያ ከመርካቸው?

የሸክላ ማጫወቻውን ስፒከር ለጓደኛህ ለጌትነት ሰርግ አውሰህ እንዳስቃጠልከው አውቃለሁ። ስለሱም ምንም አልልም።
ትናንት «ከዚህ ቤት ውጣልኝ» ያልኩህን እንዳልሰማህ ቁጠረው።

ደግሞ ስፒከር ምን ያደርጋል? በሁዳዴ ዘፈን ሲከለከል፣ እማዬ እንዳትሰማን የስፒከሩን ገመድ ነቅለን፣ አንተ በግራ እኔ በቀኝ፣ ጆሯችንን ማጫወቻው ላይ ደፍተን እናዳምጥ አልነበር? መርፌው ራሱ እንደ ቢንቢ ይዘፍን ነበር። አንተ ሳቅህ እያመለጠህ ነበር የምታስይዘን።

ማጫወቻውን ከክፍሉ አላወጣሁትም። አንድ ሸክላ አስቀምጬበታለሁ። ቁልፉን ለተከራዩ ከመስጠትህ በፊት አጫውተው። ጾም ቢሆንም ማንም አይሰማህም።

በግራ በኩል ተጠጋ።
የቀኙ የእኔ ነው።

ፀደይ