አራት የማይመሳሰሉ ፒስተኖች

አባባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ እንደማትመልስልኝ እያወቅኩ መጠየቁ ነገር መፈለግ ይሆንብኛል። ከተለየኸን ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ስንሸኝህ ገብሱ ገና እሸት ነበር፤ አሁን ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ እዚያ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ስለ ምን ተወያያችሁ ስላት «ስለ እጅጌው» ትለኛለች። ቀይዋ ዶሮ የቮልሳችንን የኋላ ወንበር ቤቷ አድርጋ እዚያው ስትጥል ከርማ ነበር። በቅርቡ አስለቀቅናት። ለምን እንዳስለቀቅናት ልነግርህ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ድንገት ባረፍክ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ ሁለት የቮልስ ሞተር ፈትተህ ነበር። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የሮቤው ነጋዴ የኦቦ ገመዳ። የእኛን ሸራ ላይ፣ የእሳቸውን ቆርቆሮ ላይ ዕቃ በዕቃ ደርድረህ «የነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ» ብለኸናል። እስክትሞት ድረስ ማንም አልነካም። ከዚያ ዕድሩ ድንኳን ሊተክል መጣ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ መጽዳት አለበት ብለው አዘዙ፣ ሰዎቹም ታዘዙ። ሸራውንም ቆርቆሮውንም አራግፈው ሰው አንሥቶ የሚሸከመውን ዕቃ ሁሉ በአንድ የገብስ ጆንያ ከተቱት። ድንኳኑ ግን በጣም ያምር ነበር፤ ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ግፍ ነው።

አርባህ ካለፈ በኋላ ኦቦ ገመዳ ማር ይዘው መጡ። አለቀሱ፣ ተጫወቱ፣ ስለ ሞተራቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሊሄዱ ተነሡ። እማዬ አስቆመቻቸው። «የባሌ ቃል አብሮት አልተቀበረም» አለቻቸው። «እስከ ፋሲካ ሞተርዎ ካልተገጠመ ጆንያውንም ቮልሳችንንም እንዳለ ይውሰዱ። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ከሁለቱ አንድ መኪና ያወጣልዎታል።» እሳቸው እምቢ አሉ፣ እሷ ማለች። ከማለች ደግሞ ታውቃታለህ።

እኔ ያቺን መኪና ለማንም መስጠት አልፈለግኩም። ሁለት ትራስ ከሥሬ አድርገህ መሪ ያስያዝከኝ በእሷ ነው። ሳጉሬ ስንሄድ ሞተሯ ሲያንቀጠቅጠን የእማዬ መነጽር ከአፍንጫዋ ላይ እየተንሸራተተ ጭኗ ላይ ይወድቅ ነበር። እማዬም «የሰው መኪና ይፈውሳል፣ የራሱ ወባ ይዟታል» ትልሃለች። አንተ ደግሞ «መንገዱ ነው» ትላለህ። እኔ ዝም ብዬ ከእሷ ጋር እተባበር ነበር። መካኒክ ሆኖ የገዛ መኪናው የሚንቀጠቀጥ አባት ስላለኝ ትንሽ አፍር ነበር፤ አሁን ብነግርህ አትቆጣኝም።

ጋሽ መኮንን ጥፋታቸውን በሥራ ለመካስ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዛሬ ለሁሉ ነገር ኮሚቴ ስለሚቋቋም ማንንም አልገረመውም። ሊቀመንበር ራሳቸው ሆኑ። ጸሐፊው ባሻ ተካልኝ ናቸው፤ የጦር ካሚዮን ሲነዱ የኖሩት፣ ማንኛውም ማሽን በመዶሻ ይገባዋል ብለው የሚያምኑት። ኦቦ ገመዳ አባል ተባሉ። እኔ ታዛቢ ሆንኩ፤ የታዛቢ ሥራ ዕቃውን በላምባ ማጠብ ነው።

ከፒስተኖቹ ጀመርን። ስምንቱን አጥቤ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱ የውኃ ብርጭቆ የሚያክል፣ ለዓይን ሁሉም መንታ የሚመስል። ጋሽ መኮንን አንዱን ከፍ አድርገው «ይህ የገመዳ ነው የምትሉ እጅ አውጡ» ይላሉ። ራሳቸውና ባሻ ያወጣሉ። ኦቦ ገመዳ ድምፀ ተአቅቦ። በገዛ ሞተሩ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ ዓይነት አምስት ፒስተን ለእሳቸው፣ ሦስት ለእኛ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። አንድ ሞተር የሚይዘው አራት ነው ብዬ ብናገር ባሻ «ታዛቢ አይናገርም» አሉና ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈሩት።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓይኔን አስጨፍነህ በአንድ እጄ አንድ፣ በሌላው ሌላ ፒስተን አስይዘህ «የቱ ይከብዳል» ትለኝ ነበር። አብረው የተሠሩ ፒስተኖች ክብደታቸው እኩል ነው ብለኸኛል። ስምንቱን በዘንቢል ይዤ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሮጥኩ። ኮሚቴው ከኋላዬ እያለከለከ ተከተለኝ።

ከሚዛኗ በአንዱ ጎን አንድ ፒስተን፣ በሌላው ሌላ እያደረግኩ ሞከርኩ። አራቱ ሚዛኑን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ አንዱን ከአንዱ ብትቀያይር ንቅንቅ የለም። ሌሎቹ አራት ግን ከነዚህም ጋር አልገጠሙ፣ እርስ በርሳቸውም አልገጠሙ። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይሰቀላል።

ባሻ ጥፋቱን ሚዛኑ ላይ አላከኩ። «የዚህች ሴት ሚዛን ድሮም እውነት ተናግሮ አያውቅም።»

እትዬ ዘነበች ቀና ሳትል «እስከ ዛሬ ቅቤዬን ሲበሉ ያውቁ ነበር?» አለቻቸው። ባሻ የጣራውን ማገር መቁጠር ጀመሩ።

ጋሽ መኮንን ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሻጥር ነው» አሉ። «ሦስተኛ ሞተር አስገብተውብናል።» ሆሳዕና በማግስቱ ነበር። ፋሲካ ስምንት ቀን ቀርቶት ኮሚቴው ጠላት ፍለጋ ሊወጣ ነው።

እኔ ከማይገጥሙት አንዱን አንሥቼ ውስጡን በጣቴ ዳሰስኩት። ሳጥበው ጭረት መስሎኝ ያለፍኩት ነገር ፊደል ነበር፤ «መ» ይላል። የደንበኛ ዕቃ እንዳይጠፋ በሚስማር የምትጭረው ፊደል። ለጋሽ መኮንን አቀበልኳቸው። ገለበጡት፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ አደረጉ፣ ከዚያ የእትዬ ዘነበች የቅቤ ቅል ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ቅሏ ለጥቂት ተረፈች።

«ይህ የእኔ ነው» አሉ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ዋዜማ ላይ ቮልሳቸው ቆማባቸው ነበር። መለዋወጫ በአገሩ የለም። አንተ ግን በማግስቱ ጠዋት «ዕቃ ተገኘ» ብለህ ሙሽራዋን አስጫንካቸው። ከየት ተገኘ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

አባባ፣ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝና በቅቤ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። የሚመሳሰሉት አራቱ የኦቦ ገመዳ ናቸው፤ ሞተራቸው ሙሉ ጤነኛ ነበር። የማይመሳሰሉት የእኛ ናቸው። ለሰው ጥሩውን ከእኛ መኪና እየነቀልክ ስትሰጥ፣ የሰውን አሮጌ እየጠጋገንክ ለእኛ ስትሞላ ኖረሃል። ለሰው «ዕቃ ተገኘ»፣ ለእኛ «መንገዱ ነው»። ለሁለታችንም በእኩል ዋሽተሃል፤ ሚዛናዊ ሰው ነህ። ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥላ ሹራቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅስ መስሎኝ ስገልጠው ትስቃለች። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። የሚመሳሰለው ለኦቦ ገመዳ፣ ወንድም የሌለው ሁሉ ለእኛ። እኔ ገጠምኩ፣ ባሻ ብሎን አጠበቁ፤ መዶሻውን ግን ከእጃቸው አላወጡም፣ ምናልባት ካስፈለገ ብለው። በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ለወሩ በኩፖን ያገኘናትን ቤንዚን ጨምረን የኦቦ ገመዳን ሞተር አስነሣነው። በሦስተኛው ሙከራ ያዘ። ኦቦ ገመዳ ጥቂት ቆመው አዳመጡና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን እጄን አወጣለሁ» ብለው ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ።

የእኛም ከፋሲካ በኋላ ተነሥታለች፤ ዶሮዋ ያኔ ነው የተባረረችው። እንደ ድሮዋ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ መኮንን የአንተን ፒስተን አውጥተው ሊመልሱልኝ መጥተው ነበር። እማዬ አይሆንም አለች። እኔም «ጋሼ፣ እሱን ካወጡት እኮ ከዚህ ቤትዎ የሚደርሱት በጋሪ ነው» አልኳቸው። በጣም ተቀየሙኝ፤ በማግስቱ ታረቁኝ።

ወሬው ስለተሰማ በሌሎቹ ሦስት ፒስተኖች ውስጥ የተጫሩት ፊደላትም ባለቤቶች ታወቁ። አንዱ የከብት ሐኪሙ ነው፣ አንዷ ወደ አርቦዬ የተዛወረችው ነርስ፣ አንዱ የሒሳብ አስተማሪዬ። አስተማሪዬ ይህን ካወቀ ወዲህ ፈተና ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጨመረልኝም፤ እንዲህም ያለ ሰው ረድተሃል።

እንዳንተ እሆናለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። የእኔን ዕቃ ነቅዬ ለሰው ለመስጠት ገና ልቤ አልጨከነም፤ እናቴ ላይም እንዳንተ አሳምሬ መዋሸት አልችልም። ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አራቱ ጥሩ ፒስተኖችህ የማን መኪና ውስጥ እንዳሉ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳም። ትምህርት ቤት ስሄድ ከአራቱ አንዷ ዳገቱን ስትወጣ ካየሁ ቆም ብዬ እጄን አነሣለሁ። የሚነዱት ለእነሱ መስሏቸው አጸፋውን ይመልሱልኛል። እኔ ግን ሰላም የምለው ለሹፌሩ አይደለም።