መርዶ በደብዳቤ

ጅማ፣ ጥር 1975 ዓ.ም.

ውድ ቲጃኒ፣

ብቻህን ከሆንክ እዚህ ላይ አቁምና እጠፈው። ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ጠርተህ ቀጥል።

እናቴ ሞታለች። በመስከረም ነው። እስከ መጨረሻው "ቲጃኒ ከአሰብ መጣ?" ትል ነበር። ላንተ ለብቻ የሙስሊም ሥጋ ልትሠራበት ያስቀመጠችው ድስት አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ።

ለቅሶው ላይ እናትህ አዴ ሐጂራ እጄን ይዘው፣ እንደ ልጃቸው "ኢልመ ኮ" ብለው ጠሩኝና፣ "ልጄ እዚያ በረሃ ብቻውን ነው። መርዶ በደብዳቤ አይላክም። ሲመጣ ቁጭ አድርገን እንነግረዋለን፣ ኢንሻ አላህ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰዉ ሁሉ ለጓደኛው አሳቢ ነው ብሎ መረቀኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ለራሴ ነበር።

ምህንድስና ጨርሰን ምድብ በዕጣ ሲወጣ፣ የጅማው ኮሌጅ መምህርነት የደረሰው ላንተ ነበር፤ ለእኔ አሰብ ወደብ። ማስተማር ሌት ተቀን የምታወራው ምኞትህ ነው። ሆኖም እናቴ ታማ ስለነበር፣ ስማችን ሳይመዘገብ የዕጣ ወረቀትህን በጠረጴዛ ሥር አቀበልከኝና፣ "እማማ ሸዋረገጥን አስታምማቸው። ከዚያ እንቀያየራለን" አልከኝ። ማረፏን ከሰማህ ያ ቃል እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቼ የቡና መፈልፈያ ማሽን ትልቁ ባለጥርስ ጎማ ቀስ ሲል ትንሹ ለምን እንደሚፈጥን ማስረዳት አቃተኝ። ዶርም ሳለን በብስክሌት ያስረዳኸኝ ትዝ ሲለኝ የዘበኛውን ብስክሌት አስገባሁ። "ትልቁ ሹም ነው፣ አንዴ ዞር ይላል፤ ትንሹ ተላላኪ ነው፣ ሲሮጥ ይውላል" ብዬ ቀልድህን ደገምኩት። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ገባቸውም። ዲኑ "ማስተማር ተፈጥሮህ ነው" አለኝ። የቲጃኒ ነው አላልኩም። ሥራውን ወደድኩት፤ ስለወደድኩት ነው የእናቴን ሞት የደበቅኩህ።

ትናንት ለአዴ ሐጂራ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ታዲያ ካንተ ጋር ሆኜ የገዛ ልጄን አታለልኩት?" አሉኝ።

የመቀያየሪያውን ማመልከቻ ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። አንተ ስትመጣ እኔ አሰብ ስለምሆን አብረን አናለቅስላትም። ድስትህን ለአዴ ሐጂራ እሰጣቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ክፍል ገብተህ ያንን ቀልድ ስትነግራቸው ተማሪዎቹ ከእኔ የሰማኸው ይመስላቸዋል። የማን እንደሆነ ንገራቸው።

ወንድምህ፣ ካልከኝ፣
እሱባለው