እስኪደርስ ይተኛልኝ

ይድረስ ለእናት ምትኬ፣ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ናዝሬት፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ? እማማስ እንደምን አለችልኝ? እህል ትቀምሳለች? ዓይኗስ እንዴት ነው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? የጅግጅጋ ንፋስስ በረደ ወይስ አሁንም የጓዳውን ቆርቆሮ ያንኳኳል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን አትጠይቂኝ፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ሳልደውልልሽ የሰነበትኩት ኩርፊያ እንዳይመስልሽ ልል ነበር፤ ግን ኩርፊያም አለበት። ዋናው ምክንያት እማማ ናት። በደወልኩ ቁጥር ከአጠገብሽ አትጠፋም፣ ስልኩንም ከእጅሽ ተቀብላ «የኋላሸትን አቅርብልኝ» ትላለች። ከየት አምጥቼ ላቅርብላት? ስለዚህ ይህን ወረቀት የጎረቤታችን የሀምዲ የወንድሟ ልጅ ሹክሪ ወደዚያ ሲመለስ በእጁ ያደርስልሻል። እዚያው ሀምዲ ሱቅ ቁጭ ብለሽ አንብቢው እንጂ ወደ ቤት እንዳትወስጂው።

ወንድማችንን የኋላሸትን ቅዳሜ ቀበርነው። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ማን ይቀብረዋል ብዬ ስሰጋ፣ የአገር ልጅ ሁሉ ሥራውን ትቶ ወጣለት። ክርስቲያኑም ሶማሌውም ነበር። ሳጥኑን ከፊት የያዘው ዴቅ ነው፤ ያ ጅግጅጋ አብሮት የተማረው፣ አሁን እዚህ ታክሲ የሚነዳው። እስከ መጨረሻው ለሌላ ሰው አላስያዘም።

አሁን ስለ አመጣጤ ልንገርሽ፤ ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ይውጣልኝ። ትኬቱ ቢዝነስ ክላስ ነው ስትዪኝ «የአገር ልጆች ለወገብህ ብለው ነው» አልሽኝ። እኔ ሞኙ አመንኩ። እማማ እንኳ «ወንድሙ ታሞ ምን ሊነግድ ነው?» ብላ ቤቱን ሁሉ ስታስቅ፣ አንቺ ሳትስቂ ወደ ጓዳ ገባሽ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ሀምዲም የኋላሸት የሚወደውን ጣፋጭ ሐልዋ ጠቅልላ ስትሰጠኝ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አለችኝ። ይህ የትዕግሥትና የጽናት ምኞት ለማን እንደሚባል ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ ሰው አይጠፋውም፤ በየለቅሶ ቤቱ ስንሰማው ነው የኖርነው። እኔ ግን የመንገዱን ርዝመት ያሰበችልኝ መስሎኝ «ኧረ ተኝቼ ነው የምደርሰው፣ ምን ሰብር ያስፈልገኛል» ብዬ ሳቅኩባት። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ከአዲስ አበባ ስንነሳ ከፊት አስቀመጡኝ። ወንበሩ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል። አስተናጋጇ ትኩስ ፎጣ በመቆንጠጫ ሰጠችኝ፤ የእጅ ይሁን የፊት ስላላወቅሁ ሁለቱንም ጠረግሁበት። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ «ጋሼ፣ ምን ላምጣልዎ?» እያለች እንደ ሙሽራ ተንከባከበችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በጽሕፈት ቤት የእንጨት ወንበር ላይ የተቀጣው ወገቤ ያን ለት ካሳውን አገኘ። ሐልዋው እንዳይጨፈለቅ ጎኔ አድርጌ፣ እትዬ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ሲንጋፖር ስንወርድ የተዘረጋ እግሬን ፎቶ ለአንቺ ላክሁ። ለየኋላሸት ደግሞ ድምፄን ቀድቼ «አንተ ታመህ የተንደላቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ስትድን በዚሁ አልጋ አብረን እንመለሳለን» አልኩት። አንቺ «ተኛ ወንድሜ፣ ተኛ» ብቻ ብለሽ መለስሽልኝ።

ሜልበርን ስደርስ ዴቅና ሁለት ሰዎች ተቀበሉኝ። ሆስፒታል ውሰዱኝ ብላቸው ዛሬ ጠያቂ አይገባም፣ ብላና እረፍ አሉኝ። በላሁ። ሐልዋውንም ለነገ ብዬ ራስጌዬ አኖርኩት። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ከፊት ቄሱ፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ። ቄስና ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጡ ማን ይነግረኛል? አፋቸውን ሳይከፍቱ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ያ ስንለምነው የከረምነው ቪዛ የደረሰልኝ እሱ ባረፈ ማግስት ኖሯል። አንቺ ሻንጣዬን ስትሸክፊ እሱ በሕይወት አልነበረም።

እትዬ፣ አልዋሽሽም፣ በጣም ተቆጣሁሽ። ለሞተ ሰው ሐልዋ ተሸክሜ ስወጣ ታዪኛለሽ? ጥቁሩን ኮቴን «አገሩ ብርድ ነው» ብለሽ ስታጥፊ እጅሽ እንዴት ታዘዘልሽ? ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያ አልጋ ነው። ወንድሜ የሬሳ ማቆያ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀኝ እኔ በነጭ አንሶላ ተንፈላስሼ፣ በዚያ ላይ ለእሱ ጉራዬን ስልክለት። ያን ድምፄን የሰማው ስልኩን የያዘለት ዴቅ ነው። ለማን ብላችሁ ነው እንደዚያ ያንደላቀቃችሁኝ ብዬ ስማረርበት፣ እንዲህ አለኝ፦

«አልጋውን ያስገዛችን ናዝሬት ናት። ‹እስኪደርስ ይተኛልኝ፤ ከደረሰ በኋላ እንቅልፍ የለውም› ብላ አልቅሳ ለመነችን።»

እንዳልሽውም ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ በእውነት የተኛሁት ያን መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ነው አንቺን ያሰብኩሽ። ከእማማ ጋር አንድ ክፍል እያደርሽ፣ ጥቁር ሳትለብሺ፣ ፊትሽን ሳትነጪ፣ «ዛሬ ተሽሎታል» እያልሽ ስትሰነብቺ፣ አንቺን ማን አስተኛሽ? ቁጣዬ እዚያ ላይ በረደ። ሐልዋውን ለቅሶ ለመጡት ቆራረስኩላቸው። ዴቅ ድርሻውን ይዞ ሳይቀምሰው ቆየና በመሐረቡ ቋጥሮ ኪሱ ከተተው።

አሁን የቀረን የእማማ ነገር ነው። ብቻሽን እንዳትሞክሪው፤ አትችዪውም፣ እሷም አትችለውም። በመጪው ሳምንት እመለሳለሁ። ጅግጅጋ ስገባ ቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም፤ ሀምዲና ባሏ ዳሂር ዘንድ አድሬ ጎህ ሲቀድ ከአጥቢያችን ቄስ ጋር አንኳኳለሁ። ሽማግሌዎቹን አንቺ አዘጋጂ። በዋዜማው እራቷን በደንብ አብያት፣ እግሯን በሞቀ ውኃ እጠቢያት፣ ያን ወፍራሙን ብርድ ልብስ አልብሻት። እስክደርስ ትተኛልኝ።

ልጅሽን ሳሚልኝ፤ እማማ ፊት እንዳያለቅስ አደራ በዪው። ዳሂርን እጅ ነስቻለሁ። ሀምዲን ሰብሩን ተቀብዬዋለሁ በዪልኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ሹክሪ ከዚህ መምጣቱን ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ የወንድማችንን ሰላምታ ነው። በቁጣዬ ጊዜ ይህን ከአፌ አወጣዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ «የኋላሸት ሰላም ብሎሻል» በያት።

ወንድምሽ ቀለመወርቅ
ሜልበርን፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.